ለወዳጆ ያልወረደው ሙሾ

የሰው ልጅ እናቱን ለማሳቅ ይለፋል። ኮከቤ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የለፋችው እናቷን ለማስለቀስ ነበር።

"ምን ያለችው ጉድ ናት!" የሚል ይኖራል። ጎረቤታቸው አያ አወቀ በአደባባይ ብለውታል። እሷ ግን ለአያ አወቀ ወሬ ደንታም አልነበራት። እናቷን ታውቃለቻ!

ነገሩ የጀመረው ኮከቤ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ጡት ሳትጥል ስላረፈ፣ የቤቱ አባወራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ወዳጆ ነበር። ያን ነሐሴ ወዳጆ ሞላሌ ገበያ ውሎ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። አብረውት የነበሩት "እስኪጎድል እንቆይ" አሉ። እሱ "ምን አላት ይቺ!" ብሎ ገባ። ጓደኞቹ ውኃው ሲጎድል ተሻገሩ፤ እሱን በማግስቱ ታች ካለው ሜዳ ላይ አገኙት።

እናቱ ጥሩሸዋ አላለቀሰችም። አገር ተሰብስቦ ደረቱን ሲደቃ፣ እሷ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። የምትጠብቀው ታላቅ እህቷን አመተሥላሴን ነው። አመተሥላሴ የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። የማያውቁት ሰው ለቅሶ ላይ ገብተው፣ የሟቹን ስምና ሥራ ከጎረቤት ጠይቀው፣ ሁለት ስንኝ ጣል ሲያደርጉ ሥጋ ዘመዱ ቀርቶ መንገደኛው ያለቅሳል። "እሳቸው ካላለቀሱለት ሞተ አይባልም" ይሉ ነበር ሰዎች። ቀባሪ ሳይቀር አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃቸዋል።

አመተሥላሴ አልመጡም። በቀብሩም፣ በሠልስቱም፣ በአርባውም። ለባዕድ ጋራ አቋርጠው የሚሄዱት ሴት ለእህታቸው ልጅ ቀሩ። ጥሩሸዋም ከዚያ ወዲህ የእህቷን ስም አላነሳችም፤ ከዓይኗም አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

እንባው የትም አልሄደም፤ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። "እዚህ ጋ" ትላለች በእጇ እያሳየች፣ "የወፍጮ መጅ የጫኑብኝ ይመስለኛል።" ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ክኒን ሰጧት። ጠበል ሄደች፣ ሁለት ሱባኤ ተጠመቀች። ክኒኑንም ዋጠች፣ ጠበሉንም ጠጣች፤ መጁ ንቅንቅ አላለም። ድሮ የበግ ጠጉር ስትፈትል እንጉርጉሮዋ ከእንዝርቷ ጋር አብሮ ይሾር ነበር። አሁን የሚሾረው እንዝርቱ ብቻ ሆነ።

ጠበሉ ዘንድ የነበሩ አንዲት መነኩሲት ታዲያ ጥሩሸዋን አይተው አይተው፣ "ይቺ ሴትዮ ብታለቅስ ይሻላት ነበር" አሉ። ኮከቤ ይህን ሰማችና ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ እርጥብ ኩበት አንድዳ ቤቱን በጭስ ሞላችው። እናቷ ፈትሏን ይዛ ወጣችና "ጨርሰሽ ስትታወሪ ጥሪኝ" አለቻት። ቀጥላ አንድ ሰሃን ሙሉ ቀይ ሽንኩርት እናቷ አፍንጫ ሥር ቁጭ ብላ ከተፈች፤ ያለቀሰችው ራሷ ከታፊዋ ናት። በመጨረሻ ግጥም ሞከረች።

ግጥም ላይ ኮከቤ አትታማም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች ጊዜ እንኳ ምክንያቷን የተናገረችው በግጥም ነበር፤

*ሒሳብ አስተማሪው ደምሩ ይለናል፣*
*ቁርሳችን ዜሮ ነው ምኑ ይደመራል!*

አስተማሪው ራሱ ስቆ ደብተሩ ላይ ጽፎታል አሉ። ችግሩ ከአፏ የሚወጣው ሁሉ ተረብ መሆኑ ነው። ልታሳዝን ጀምራ ታስቃለች፤ እናቷ ግን አትስቅም አታለቅስም። "ጎሽ" ብላ ፈትሏን ትቀጥላለች።

አንዲት ግጥም ብቻ ነበረች ኮከቤ ለማንም አሰምታ የማታውቃት። ያቺን የገጠመቻት ወዳጆ የሞተ ዕለት ጠዋት ነው። በምንም የማታፍረው ልጅ በእሷ ታፍር ነበር። ትዝ ባለቻት ቁጥር ጮክ ብላ ሌላ ነገር ታወራለች፤ ሰው "ለፍላፊ" የሚላትም ግማሹ በዚህ ሳቢያ ነው።

እንዲህ እንዲህ ሲባል ሰባተኛው ዓመት ደረሰ። የሰባት ዓመት ተዝካር የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሟች ዳስ አይጣልም። የጥሩሸዋ የንስሐ አባት አባ ይሥሐቅ ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን መጡና መቋሚያቸውን በራፉ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

"ጥሩሸዋ ልጄ፣ ይህ ድግስ እህትሽ ሳትጠራበት ባይሆን ደስ ይለኛል።"

"እኔ አልተቀየምኳትም አባ።"

"እንዲያ ከሆነማ ጥሪያታ።"

"አልተቀየምኳትም አልኩ እንጂ እጠራታለሁ መች አልኩ?"

"በስመ አብ!" አሉ አባ፣ ወደ ኮከቤ እየዞሩ። "እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ ምላሱን ከየት አመጣችው እላለሁ።"

በማግስቱ ጥሩሸዋ ልጇን ከጋራው ማዶ ወዳለው ቀየት ላከቻት፤ የአባቷን ወገኖች ለተዝካሩ እንድትጠራ። አመተሥላሴም የሚኖሩት እዚያው አቅራቢያ ነው።

"ወደዚያች ሴት ደጅ ዝር እንዳትዪ" አለች እናት።

"የትኛዋ ሴት?"

"ታውቂያታለሽ።"

"ስሟን ካልነገርሽኝ እኮ በስህተት ልገባ እችላለሁ።"

ጥሩሸዋ ማማሰያ አነሳች። ኮከቤ ያን ጊዜ አጥሩን አልፋለች።

የአባቷን ወገኖች ቶሎ ቶሎ ጠራችና፣ በስህተት ሳይሆን ሆነ ብላ፣ ጠይቃ ጠይቃ፣ ጉም ውስጥ እየዳከረች አመተሥላሴ ቤት ደረሰች። ዝናቡ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አብስብሷታል። አመተሥላሴ በራፋቸው ላይ ቆመው ገብስ ያበጥራሉ። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ሰፌዱ እጃቸው ላይ ሰሃን ይመስላል።

"ማነሽ አንቺ የራሰች ዶሮ?"

"የጥሩሸዋ ልጅ ነኝ።"

ሰፌዱ ቆመ። ገብሱ በአንድ ወገን ፈሰሰ፤ አመተሥላሴ አላዩትም።

"ምን ሆነች? ሞተች?"

"ኧረ አልሞተችም። ብትሞት ይመጡ እንደሆን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

ኮከቤ ይህን ካለች በኋላ እግሯን ለሩጫ አመቻቸች። አመተሥላሴ ግን አልተቆጡም። እያዩዋት እያዩዋት ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ።

"ይህን ምላስ ማን ሰጠሽ?"

"የእርስዎ ነው ይላሉ።"

"ግቢ" አሉ። "ግቢና እሳት ዳር ተቀመጪ፤ ገበናዬን ደጅ ላይ አታስነግሪኝ።"

ደረቅ ጋቢ አለበሷት፣ ያፏጨውን ሆዷን በገብስ በሶ ዝም አሰኙላት። ከዚያ ሳትጠይቃቸው ነገሯት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል።

"የሰማሁ ዕለት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስንኝ ልቋጥር እላለሁ፣ አይመጣም። ለማንም ስሄድ እኮ ገና ደጄን ሳልወጣ ነው የሚመጣልኝ! 'ወዳጆ' እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ። ጋራው ላይ ደረስኩ፤ ዳሱ ከታች ታየኝ። 'አመተሥላሴ መጣች' ብሎ ሕዝቡ ሊከፈትልኝ ነው። ምን ይዤ ልግባ? ለባዕዱ ሁሉ አልቅሼ ለእህቴ ልጅ ዲዳ ሆኜ ብገባ፣ 'ናቀችው' አይሉም? ጥሩሸዋስ ምን ትላለች? ግጥሙ ሲመጣልኝ እመጣለሁ አልኩና ከጋራው ላይ ተመለስኩ።"

"መጣልዎት?"

"መጣልኝ። በዓመቱ!" አሉ፤ በራሳቸው እንደ መሳቅም አሉ። "በዓመቱ ለቅሶ ማን ይገባል? ያን ጊዜ ደግሞ እፍረቱ ያዘኝ። እፍረት እንደ እርሾ ነው ልጄ፤ ባሳደርሽው ቁጥር ይኮመጥጣል። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልቅሼ አላውቅም። ሰዉ ኮራች ይለኛል።"

አገር ያወራው ብዙ ነበር፤ መሬት ነው ያለ አለ፣ ምቀኝነት ነው ያለ አለ፣ መተት ነው ያለም አለ። ለካ ነገሩ ሁለት ስንኝ ነው! ቤት የሚመታ ቃል ስለጠፋ ሁለት እህትማማቾች ሰባት ዓመት ተኳረፉ። "እኔ ብቻ ነኝ የግጥም ዕዳ ያለብኝ ስል" አለች ኮከቤ በልቧ።

"ይምጡና እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።"

"አልችልም። እግሬ ያንን ጋራ አያልፍም። ግን ስንኙን ልስጥሽ፤ ያዢልኝ፤ ትሰማው። አንዴ ነው የምለው፤ ሁለተኛ አይወጣልኝም።"

አመተሥላሴ ዓይናቸውን ጨፈኑና በዝግታ አዜሙት። ያ ሁሉ ሰውነት ውስጥ እንዲያ ያለ ቀጭን ድምፅ ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል? ኮከቤ ሒሳብ ላይ ያልሠራው ጭንቅላቷ ያን ቀን አንዲት ፊደል አልጣለም።

የተዝካሩ ዕለት ዝናቡ ከዳሱ ሸራ ላይ ከበሮ ይመታ ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ጸበል ጸዲቁ ተባረከ፣ ሰው በላ ጠጣ። ጥሩሸዋ ማንቆርቆሪያ ይዛ በየተራ ጠላ ትቀዳለች፤ ፊቷ እንደ ወትሮው እንደ ተዘጋ በር ነው። ኮከቤ ከምሰሶው ሥር ቆማለች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ዛሬ ካለፈ ዳሱ ይፈርሳል፣ ሰዉ ይበተናል፣ ለወዳጆ ዳግመኛ የሚሰበሰብ የለም። እናቷም ያን መጅ ይዛው ትቀበራለች።

ዓይኗን ጨፈነችና በአክስቷ ዜማ ጀመረች።

*ለሰው ሁሉ ሳለቅስ አፌ ምንጭ ነበረ፣*
*የራሴው ሰው ሲወድቅ ምላሴ ታሰረ።*

አንዱ ቄስ ጉርሻ እንደያዘ ቀረ።

"አንቺ ልጅ!" አሉ አባ ይሥሐቅ፣ "ተዝካር ላይ ሙሾ ማን አዘዘሽ? ልጁ ተፈትቷል፣ ተጸልዮለታል፤ ምን ሆነሽ ነው?"

"ትንሽ ነው የቀረኝ አባ፤ ልጨርስና ይገሥጹኝ" አለች ኮከቤ፤ ቀጠለችም።

*ከጋራው ላይ ሆኜ አየሁት ዳስሽን፣*
*ምን ይዤ ልግባና ላብስልሽ እንባሽን?*

ጥሩሸዋ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

"ይህ ቃል የአንቺ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ከመጀመሪያው ስንኝ አውቄዋለሁ። ድምፁ ቢጠፋኝ እንኳ አሰካኩን አውቀዋለሁ።" ከንፈሯ ነጣ። "እስከ ጋራው መጥታ ነበር ማለት ነው?"

"መጥተው ነበር። ግጥም ጠፋብኝ ብለው ነው የተመለሱት።"

"ግጥም!" አለች ጥሩሸዋ። ቃሉ እሬት ሆኖባት ነው። "እኔ እህቴን ስጠብቅ፣ እሷ ግጥም ስትጠብቅ። ዛሬስ? ዛሬም ቃሏን ልካ ራሷ ቀረች።" ፊቷን አዙራ ወደ ቤት መራመድ ጀመረች።

አለቀ። ኮከቤ እናቷ ወደ በሩ ስትሄድ እያየች፣ የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች። አክስቷ የሰጧት ስንኝ አልቋል፤ ራሷ የምታውቀው ደግሞ ተረብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያቺ የተደበቀችው ግጥም፣ ማንም ሳያዛት፣ ራሷ ወጣች።

*የወዳጆ ሱሪ ከጉልበቱ ቀረ፣*
*በግ ነው ወይ የጋጠው እያደር ያጠረ?*

አያ አወቀ በጠላ ታነቁ። ሊስቁ ጀምረው ደንግጠው አፋቸውን በጋቢያቸው ጠቀጠቁ። ሴቶቹ "ኧረ በማርያም!" አሉ። ተዝካር ላይ ሙሾ ነውር ነው፤ በሟች ላይ መሳለቅ ግን ስምም የለው።

ጥሩሸዋ ከበሩ ላይ ዞረች።

"ምንድን ነው ያልሽው?"

ኮከቤ መልስ ልትሰጥ ስትል፣ ያ ከመላጫ የሰላ ምላሷ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ ጉንጯ ራሰ። ሽንኩርት በሌለበት ስታለቅስ ሲያዩዋት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

"የዚያን ቀን ጠዋት..." አለች። "አንቺ ኪዳን ሄደሽ ነበር። ወዳጆ ገበያ ሊሄድ ያን አጭር ሱሪ ለበሰ። እኔ... እኔ በዚህ ሰደብኩት። የመጨረሻው ቃሌ ይኸው ነው። 'ደህና ዋል' እንኳ አላልኩትም። ሱሪውን ነው የሰደብኩት።"

"እሱስ?" ጥሩሸዋ ሁለት እርምጃ ቀረበች። "እሱስ ምን አለ?"

"ሳቀ።"

"ሳቀ?"

"በጣም ነዋ! 'አንቺ ቁንጫ!' ብሎ እየሳቀ ሲወጣ ግንባሩን ጉበኑ መታው፤ ከዚያ የባሰ ሳቀ። ግንባሩን እያሸ፣ እየሳቀ ነው ከአጥሩ የወጣው። እስከ ዋርካው ድረስ ይሰማኝ ነበር።"

ጥሩሸዋ የዳሱን ምሰሶ ያዘች።

"ሳይበላ ነው የወጣው?"

"ኧረ ያንቺን ቂጣ ከሌማቱ አንስቶ፣ ግማሹን ጎርሶ ነው። ሲስቅ ፍርፋሪው ላዬ ላይ ሲበተን ነበር።"

ያን ጊዜ ነው ጥሩሸዋ፣ ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልተናገረችውን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረችው።

"ማታውን ተቆጥቼው ነበር" አለች። "በጎቹን ገብስ ላይ ለቀቃቸው ብዬ ያልሆነ ነገር ተናገርኩት፤ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ጠዋት ቁጣዬ ስላልበረደ ሳልቀሰቅሰው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ የለም። ልጄ ጦሙን፣ ከእኔ ተጣልቶ፣ አዝኖ ሄደ ስል... ሰባት ዓመት እንዲያ ስል..."

አልጨረሰችውም። ከደረቷ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የቆየ የበር ማጠፊያ ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት። ከዚያ፣ ሰባት ክረምት ያልወረደው በአንድ ጊዜ ወረደ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ያን የድሮ የፈትል እንጉርጉሮዋን ዜማ ያዘች።

*አንተ ውኃ ሙላት ወስደህ አልጨረስከው፣*
*አካሉን ነው እንጂ ሳቁን መች ነካኸው?*

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተጠግተው ከበቧት፣ ተቀበሏትም። አባ ይሥሐቅ ሊከለክሉ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ እጁ ወደ ዓይናቸው ሄደ። ኮከቤ እናቷ እግር ሥር ተደፋች፤ ጥሩሸዋም የልጇን ራስ በደረቷ ላይ፣ መጁ በነበረበት ቦታ ላይ፣ አጥብቃ ያዘችና ደገመች።

*ሳቁን ይዞ ሄዷል ልጄ ከደጃፌ፣*
*ተመስገን ይልሃል የተዘጋው አፌ።*

"ተመስገን" አለ ዳሱ በሙሉ። አያ አወቀ ከሁሉ ጮክ ብለው ነው ያሉት፤ ያም ሳቃቸውን ለመካስ ሳይሆን አይቀርም።

ጥሩሸዋ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ኮከቤን ትክ ብላ አየቻት።

"ሰባት ዓመት ይዘሽው ዝም አልሽኝ? አንቺ ስለ ምንም ዝም የማትይ?"

"የምትገይኝ መስሎኝ ነዋ።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ይኸው ብቻ ነው የምልሽ።" ግንባሯን ሳመቻት። ኮከቤ እናቷ የሳመቻት መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞክራ ቢያቅታት፣ መቁጠሩን ትታ ዝም ብላ ተሳመች።

አባ ይሥሐቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ተዝካር ላይ ሙሾ ስላወረድሽ ቀኖናሽ አርባ ስግደት ነው።"

"አርባ!" አለች ኮከቤ።

"ሃያውን እኔ እሰግድልሻለሁ" አሉና ወደ ሌላ ወገን ዞሩ።

ዳሱ በፈረሰ በሦስተኛው ቀን ጥሩሸዋ ማልዳ ተነሥታ ጫማዋን አጠበች። "ተነሽ፣ መንገድ አሳዪኝ" አለቻት ኮከቤን። ወዴት እንደሆነ አልነገረቻትም፤ ኮከቤም፣ ለዚያች ቀን ብቻ፣ አልጠየቀችም። ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው፣ የቀረውን በእግራቸው፣ ፀሐይዋ ጉሙን ገፍፋ ስትወጣ አመተሥላሴ ደጅ ደረሱ።

አመተሥላሴ ከቤት ወጡና እህታቸውን አዩ። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ፤ ሊያዘቀዝቁት ነው። አፋቸው ተከፈተ። "ወዳጆ..." አሉ በዚያ ቀጭን ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ባዶ። ያ ያዘጋጁት ስንኝ እንኳ ጠፋ። ፊታቸው የተያዘ ሌባ ፊት መሰለ፤ ወደኋላቸውም አንድ እርምጃ አፈገፈጉ።

"ዝም በይ እትዬ" አለች ጥሩሸዋ።

"ጥሩዬ፣ ቃል..."

"ዝም በይ አልኩ! ያን ጊዜም ዝም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ቃል የሚያመጣልኝ አገሩ ሙሉ ነበር፤ እህት ግን ያለችኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አጠገቤ እንድትቀመጪ ነበር የፈለግሁት። አሁንም ተቀመጪ።"

አመተሥላሴ ተቀመጡ፤ ያ ሁሉ ሰውነት በራፉ ላይ ካለው ድንጋይ መደብ ላይ እንደ ከረጢት ወረደ። ጥሩሸዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ምንም ሳይሉ፣ አመተሥላሴ ድምፅ በሌለው ለቅሶ እየተርገፈገፉ፣ ጥሩሸዋ ጀርባቸውን እያሻሸች፣ ፀሐይዋ ከእግራቸው ጫፍ እስከ ጉልበታቸው እስክትወጣ ድረስ እንዲያው ቆዩ። ኮከቤ በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ተረብ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታባት ነበር፤ ዋጠቻት። እግዚአብሔር ምስክር ነው፣ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ከዚያ ጥሩሸዋ አዛጋች።

"ደከመኝ እትዬ" አለች እንደ ሕፃን። ራሷንም እህቷ ጭን ላይ ጣል አደረገችና ያን ጊዜውኑ እንቅልፍ ወሰዳት። ሌሊት ሌሊት ጣራ እየቆጠረች የምታነጋ ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፏን ከፍታ፣ እያንኮራፋች። ኮከቤ እናቷ ስታንኮራፋ ሰምታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ደረቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ምንም አልከበደው። "ተመስገን" አለች፤ ደግማም "ተመስገን" አለች።

አመተሥላሴ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ጠሯት።

"አንቺ!"

"አቤት?"

"ቀስ በይ! ምድጃው ላይ ባቄላ ጥጄ ነበር፤ እያረረ ነው መሰለኝ፣ ሽታው መጣ።"

"ይነሡና ያውጡታ።"

"እንዴት አባቴ ልነሣ? እግሬ ደንዝዟል፤ ጣቶቼ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።" አመተሥላሴ የታናሽ እህታቸውን ፀጉር ከግንባሯ ላይ ቀስ አድርገው ገለል አደረጉ። "ግን ነፍስሽ ብትወጣ እንኳ እንዳትቀሰቅሻት። ሂጂ፣ ባቄላውን አውጪው። ካረረም አርሮ እንበላዋለን።"

ኮከቤ በእግሯ ጣት እየተራመደች ወደ ጓዳ ገባች።